ከእናቴ በር፣ ከጎዳይፍ ፌርማታ

ስሜ ለተሚካኤል፣ የአባቴ ስም ሃብተሚካኤል ነው። ሁለት ሚካኤል በአንድ ስም ተሸክሜ ስለምዞር ሰው ሁሉ ገራም እመስለዋለሁ። አይደለሁም። ከጎዳይፍ ቤት ጊዮርጊስ በሚመላለሰው ቀይ አውቶቡስ ላይ ትኬት ቆራጭ ነኝ፤ እኛ አስመራዎች ፋቶሪኖ እንላለን። ገራም ፋቶሪኖ ግማሹን ከተማ በነጻ ስታመላልስ ትውላለች።

ሥራዬ ትኬት መቁረጥ ብቻ አይደለም። ከኋላው በር አጠገብ ካለችው መቀመጫዬ ሆኜ የሚወርደው መውረዱን፣ የሚሳፈረው መሳፈሩን አይና የበሩን ብረት በሳንቲም ሁለት ጊዜ እመታለሁ። ያኔ ሹፌሩ ይነሳል። አንድ ጊዜ ከመታሁ ይቆማል። አባቴ በዚሁ መስመር ሃያ ሁለት ዓመት ሾፍሯል። "የሹፌር ዐይን ከፊት ነው፤ ከኋላ የቀረውን የምታውቀው ፋቶሪኖ ናት። ሳይመታለት የሚነሳ ሹፌር ሰው ጥሎ ይሄዳል" ይል ነበር። እሱ ታሞ በአልጋው ላይ ሞተ። በዚያ ዘመን በአስመራ በገዛ አልጋ ላይ መሞት እንደ ዕድል ይቆጠር ስለነበር ለቅሶ ደራሾቹ እናቴን ያጽናኗት በዚሁ ነው።

ይህን በአማርኛ የምጽፈው ፊደል የቆጠርኩት በአማርኛ ስለሆነ ነው። ቤታችን ትግርኛ፣ ትምህርት ቤታችን አማርኛ ነበር። ያስገደዱን ሰዎች ሄዱ፤ አማርኛው ግን ቀርቶ ባል አመጣልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሪፈረንደም በተደረገበት ዓመት፣ አንድ ቅዳሜ፣ አውቶቡሱ ጢም ብሎ ሳለ ከመሐል አንድ ረጅም ልጅ "ወራጅ አለ!" ብሎ ጮኸ። አውቶቡሱ ሙሉ ዞሮ አየው። በእኛ ከተማ የሚወርድ ሰው ዝም ብሎ ወደ በሩ ይጠጋል፤ ፋቶሪኖዋ ዐይን አላት፣ ታየዋለች። አዲስ አበባ የአውቶቡስ ሠራተኛ ዐይን እንደሌለው ያን ቀን ገባኝ። "ወራጅ ካለ ይውረድ፤ ያላበደ ግን አይጮህም" አልኩት በአማርኛ። ሰው ሳቀ፣ እሱም ሳቀ። ፌርማታው አመለጠው፤ ሆን ብሎ ነው ያሳለፈው፤ እስከ ቤት ጊዮርጊስ አብሮኝ ወጣና አብሮኝ ተመለሰ። ለመመለሻው ሌላ ትኬት ቆረጥኩለት።

ተስፋልደት ይባላል። ወላጆቹ ኤርትራውያን ናቸው፤ እሱ ግን ተወልዶ ያደገው አዲስ አበባ ነው። እንዲህ ያሉትን አምቼ እንላቸዋለን። አጎቱ ዘንድ አርፎ ቃኘው ጦር ሰፈር አጥር ሥር ባለ ጋራዥ መካኒክ ሆኖ ተቀጥሯል። ትግርኛው ከአዲስ አበባ እስከ አስመራ በእግሩ የመጣ ይመስል ይንገዳገዳል። ያንን ይቅር አልኩት። ያላለፍኩት አንድ ቀን "አስመራ ቆንጆ ናት፤ ትንሽ ናት እንጂ" ያለውን ነው።

ሥራ በሌለኝ እሑድ በእግር አዞርኩት። ኮምቢሽታቶ በምንለው ዋና ጎዳና ላይ ዘንባባዎቹ ሥር ሰው በየአመሻሹ ለብሶና ተኳኩሎ ሲንሸራሸር አሳየሁት፤ የሚገዛው ስላለ ሳይሆን ከተማው ስለሆነ ብቻ። የሱቅ ባለቤት በገዛ መጥረጊያው የበሩን ደጃፍ ሲያጥብ አሳየሁት። ከዚያ ነጻነት ሊመጣ ሲል ስለነበረው ዓመት ነገርኩት። ከተማው ተከቦ ነዳጅ ጠፍቶ አውቶቡሶቻችን በሰልፍ ቆመው፣ ዳቦ ብርቅ ሆኖ፣ መድፉ ከሩቅ ሲያጉረመርም፣ መንገድ ጠራጊዎቹ ሴቶች በየማለዳው ወጥተው መንገዱን ይጠርጉ ነበር። ማንም አላዘዛቸውም። እኔም በእግሬ ወደ ማይሠራው ሥራዬ ሄጄ የቆመውን አውቶቡስ አቧራ እጠርግ ነበር። "ትንሽ ናት ያልከው ይህችን ነው?" አልኩት። ከዚያ ወዲህ "ትንሽ" የምትለው ቃል ከአፉ ወጥታ አታውቅም። ላገባው የወሰንኩት ያን ቀን ይመስለኛል።

አሁን ስለ እናቴ ልናገር፤ ነገሩ ሁሉ የእሷ ነውና።

እናቴ ኣስካሉ በጎዳይፍ ሠላሳ ዓመት ኖራለች። በዚህ ሠላሳ ዓመት በሰፈራችን በተተከለ የሰርግ ዳስ ሁሉ ስዋ ጠምቃለች። ስዋ እንደ ጠላ ያለ ነው፤ እሷ ፊት ግን እንደ ጠላ ነው ብሎ የሚናገር ሰው አይኖርም። በገዛ በሯ ላይ ዳስ ተተክሎ አያውቅም። እህቴ ኣብርሄት በዐሥራ ሰባት ዓመቷ፣ እኔ ገና ስድስት ዓመቴ ሳለሁ፣ ዳቦ ልትገዛ ወጥታ በዚያው ሜዳ ወረደች፤ ወደ ታጋዮቹ። ዐሥራ አራት ዓመት ወሬዋን አልሰማንም።

ታጋዮቹ አስመራ የገቡ ጊዜ ከተማው ለቀናት እልል አለ። እናቴም ከሁሉ በላይ እልል አለች፤ ልጇን እየጠበቀች ነበርና። በሳምንቱ አንዲት ታጋይ ፎቶ ይዛ በራችንን አንኳኳች። ኣብርሄት በፈረንጆች አቆጣጠር በ1984 የትግል ጓዷን አግብታ ነበር። ሰርጉ በዋሻ ውስጥ ሻሂና ሕምባሻ፣ ትንሽም ጭፈራ ነበር። በ1988 ተሰዋች። ሰርጓንና ሞቷን በአንድ ቁጭታ ሰማን። ጎረቤት እልል ይበል ወይስ ያልቅስ ግራ ገባው።

እናቴ አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠየቀች። "ስትዳር ማን ሸኛት?"

"እኛ ጓዶቿ" አለች ታጋይዋ።

"የቐንየለይ" አለች እናቴ። አመሰግናለሁ ማለቷ ነው። ከዚያ በኋላ ሰርግ ቤት ትሄዳለች፣ ትጠምቃለች፣ ትቀዳለች፤ ሙሽራዋ ከበር ስትወጣ ግን ወደ ጓዳ ትገባለች። እልልታዋን ከዚያ ቀን ወዲህ የሰማ የለም።

እንግዲህ በ1994 መጨረሻ፣ አንድ እሑድ ከቀትር በኋላ፣ የተስፋልደት ሽማግሌዎች መጡ። ሦስት ናቸው። መሪያቸው አጎቱ ኣቶ ዘርዓይ፣ ሠላሳ ዓመት አዲስ አበባ ነግዶ ከነጻነት በኋላ የተመለሰ፣ ከረባቱ አንገቱን ያነቀው ሰው ነው። ሁለቱ የአስመራ ሽማግሌዎች ናቸው። በእኛ በኩል ከእናቴ ጎን የተቀመጠው የአባቴ ባልንጀራ ኣቦይ ወልደኣብ ነው፤ እኔ የምሠራበትን አውቶቡስ የሚሾፍረው እሱ ነው። እኔ ከመጋረጃው በስተጀርባ ነበርኩ። የቤታችን መጋረጃ ስስ ነው፤ ሁሉም እንዳለሁ ያውቃል፣ ሁሉም እንደሌለሁ ያስመስላል።

እናቴ በወጉ ሻሂና ሕምባሻ አቀረበች። ማንም እንደማይነካው ታውቃለች። በእኛ ዘንድ ሽማግሌ ነገሩ ሳይቋጭ የሰው ቤት እህል አይቀምስም።

"ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ" ብሎ ኣቶ ዘርዓይ ጀመረ። ልጁን አመሰገነ፣ እኔን አመሰገነ፣ ሟቹን አባቴን አመሰገነ። ኣቦይ ወልደኣብም ልጅቷ ፈቃደኛ መሆኗን፣ ቤቱም እንደማይጠላ ተናገረ። ልቤ አረፈ።

"አንድ ነገር ብቻ ነው" አለ ኣቶ ዘርዓይ። "የልጁ እናት፣ እህቴ ኣበበች፣ ጉልበቷን ያማታል። ጎረቤቶቿም ዘመዶቿም አዲስ አበባ ናቸው። ስለዚህ ሰርጉ እዚያ፣ ጥሩ አዳራሽ ተይዞ፣ በደንብ ይሆናል። ወይዘሮ ኣስካሉ፣ ለእርስዎና ለሁለት ሰው የአውሮፕላን ትኬት እንልካለን።"

ለእናቴና ለሁለት ሰው። ሠላሳ ዓመት ስዋ የጠመቀችላቸው ሰዎች፣ ይህ በር፣ ይህ ፌርማታ፣ ሁሉም ቀርቶ ለሁለት ሰው። በመጋረጃው በኩል የእናቴን ፊት አየሁት። ታጋይዋ ፎቶውን በሰጠቻት ቀን የነበረው ፊት ነው። ልወጣና "እምቢ" ልል ነበር፤ እግሬ ተነስቷል።

እናቴ ግን ተነስታ ከሰል የሞላውን ፎርኔሎ ሻሂው እንዳይቀዘቅዝ ብላ ወደ እንግዶቹ አስጠጋች። የተጠጋው ለኣቶ ዘርዓይ ነው። ኣቶ ዘርዓይ ካፖርትም ከረባትም አድርጓል፣ ብዙም ተናግሯል። ፊቱ ወዛ፣ ጉሮሮው ደረቀ። እንደ ዘበት እጁን ሰደደና ብርጭቆውን አንስቶ ጠጣ።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሳለ። ኣቶ ዘርዓይ አልገባውም። "ጥሩ ሻሂ ነው" አለ።

"ይጨመርልዎት" አለች እናቴ።

ጨመረችለት። እሱም ሕምባሻ ቆረሰ፤ ትልቁን ነው የቆረሰው። ኣቦይ ወልደኣብ ጢሙን በእጁ ሸፈነ።

ሲውጥ ጠብቃ እናቴ ተናገረች። "ኣቶ ዘርዓይ፣ ሽማግሌ ነገሩ ሳይቋጭ አይቀምስም። ከቀመሰ የቤቱ ሰው ሆኗል። የቤቱ ሰው ደግሞ የቤቱን ቃል ይዞ ይሄዳል እንጂ ቃል አይጨምርም።"

ኣቶ ዘርዓይ ብርጭቆውን በአፉና በጠረጴዛው መካከል ይዞ ቀረ። ወደ ጓደኞቹ ዞረ።

"ሓቃ እያ" አለው የሳለው ሽማግሌ። ልክ ናት ማለቱ ነው።

"ሠላሳ ዓመት..." አለ ኣቶ ዘርዓይ፣ "ሠላሳ ዓመት ውጭ ኖሬ ረሳሁት።"

"ኣጆኹም፣ አይዞዎት፤ ሰው ይረሳል" አለች እናቴ። "የቤቴ ቃል እንግዲህ ይኼ ነው። አንዷ ልጄ ያለ በሬ ተዳረች፤ ዋሻ ውስጥ። አልተቆጣሁም፣ ጊዜው ነው። ይህቺ ግን ከዚህ በር ትወጣለች። ዳሱ እዚህ ይተከላል። ስዋውን እኔ እጠምቃለሁ። ከዚያ በኋላ አዲስ አበባም፣ ሌላም ይሂዱ፤ ባሏ ያውቃል።"

ፎርኔሎውን ሆን ብላ አስጠግታው እንደሆነ እስከ ዛሬ አልጠየቅኳትም። ብጠይቃትም አትነግረኝም።

ድሉ በዚህ ያለቀ መስሎን ነበር። በሁለት ሳምንቱ ከአዲስ አበባ ከወይዘሮ ኣበበች ደብዳቤ መጣ። ሰርጉ ጎዳይፍ ከሆነ እኔ አልመጣም፤ ያለኔ አግባ፤ ይላል። ተስፋልደት ደብዳቤውን ሰጥቶኝ አጠገቤ ተቀመጠ። መጀመሪያ ተናደድኩ። ከዚያ ግን አፈርኩ። እናቴ ልጇ ስትዳር አለመኖሯ ነው ያቆሰላት፤ እኛ ደግሞ ያንኑ ቁስል ለሌላ እናት ልንሰጥ ነው። እንዲህ ያለ ሰርግ እልልታ አያምርበትም።

ስለዚህ በትምህርት ቤት በተማርኩት አማርኛ ጻፍኩላት። ስለ አዳራሹ አልተከራከርኩም። ስለ ኣብርሄት ጻፍኩ፤ ስለ ዳቦው፣ ስለ ፎቶው፣ "ማን ሸኛት?" ብላ እናቴ ስለጠየቀችው። "እትዬ ኣበበች፣ ሰርጉን እናቴ የምትፈልገው ለእኔ ብቻ አይደለም። እርስዎ ከሌሉ ግን እኔም አልፈልገውም። እስኪመጡ ድረስ እንጠብቃለን፤ ዓመትም ቢሆን" አልኩ። ለእናቴ ሳልነግር ላክሁት። ነግሬያት ቢሆን ትከለክለኝ ነበር።

መልስ አልመጣም። ወር ሆነ። እናቴ ጌሾውን ገዝታ አስቀምጣ በየቀኑ ከፍታ ታየዋለች። እኔ በየቀኑ ብረቱን እየመታሁ እመላለሳለሁ፤ ቤት ጊዮርጊስ ኮረብታ ላይ ስንደርስ ከተማዬን ቁልቁል እያየሁ "ዓመትም ቢሆን" ማለቴን እየረገምኩ።

በጥር መጀመሪያ አንድ ቀን በጎዳይፍ ፌርማታ ስንቆም ተስፋልደት ሻንጣ ተሸክሞ ተሳፈረ። ከኋላው አንዲት ወፍራም ሴትዮ በከዘራ ተደግፋ ወጣች። አውሮፕላን ማረፊያው ከእኛ ሰፈር ሩቅ አይደለም፤ ታክሲ አልፈልግም ብላ ነው። ፊቴን አየች፣ ትኬቱን አየች፣ "ደብዳቤ ጸሐፊዋ አንቺ ነሽ?" አለችኝ። ጉልበቷን ይዤ ሳምኩ። ትኬቷን ግን ቆረጥኩላት፤ ሕግ ሕግ ነው።

እስከ ቤት ጊዮርጊስ ወጥታ ተመለሰች። ዘንባባውን፣ ካቴድራሉን፣ የታጠበውን መንገድ እያየች ነው። "ንጹሕ ናት" አለች በመጨረሻ። "ትንሽ ብትሆንም።" ተስፋልደት ደንግጦ አየኝ። አማት ስለሆነች ዋጥኩት።

ከእናቴ ጋር በራችን ላይ ተገናኙ። "ወይዘሮ ኣስካሉ" አለች ኣበበች፣ "የልጅሽ ደብዳቤ ሲደርሰኝ ሁለት ቀን ሰው ሳላናግር ሰነበትኩ። ጉልበቴ እውነትም ያመኛል፤ ልጅሽን ግን ቆሜ እቀበላታለሁ።" እናቴ "እንቋዕ ደሓን መጻእኪ" ብላ፣ እንኳን ደህና መጣሽ ማለቷ ነው፣ አቅፋ ወደ ቤት አስገባቻት። ማታውኑ ሴትዮዋ እጅጌዋን ሰብስባ ሽንኩርት ስትከትፍ አየኋት።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። ዳሱ በሚተከልበት ሳምንት ማንም ሳይጠራው ጎዳይፍ በሙሉ መጣ። እናቴ የጠመቀችላቸው ሴቶች እያንዳንዳቸው አንድ አንድ እንስራ ስዋ ጠምቀው በጭንቅላታቸውና በጋሪ ይዘው ደረሱ። እንስራው ግቢውን ሞልቶ ወደ መንገዱ ወጣ። እናቴ የራሷን ስዋ ለማስቀመጫ ቦታ አጥታ ተቆጣች፤ እንዲህ ደስ ብሏት ስትቆጣ አይቻት አላውቅም። ዳሱ ፌርማታውን ስለያዘው ኣቦይ ወልደኣብ ለአንድ ቀን ፌርማታውን ሃምሳ ሜትር አሸሸው። የአውቶቡስ ተሳፋሪዎች እዚያ ወርደው ቀጥታ ወደ ዳሱ ይገባሉ። የማናውቀው ሰው ሁሉ በላ።

ኣቶ ዘርዓይ አበባ የተለጠፈበት ነጭ ማኪና ሊከራይ ነበር። እኔ እምቢ አልኩ። መሥሪያ ቤታችን ሠራተኛ ሲያገባ አንድ አውቶቡስ ይፈቅዳል፤ የአባቴ ልጅ በቀዩ አውቶቡስ ነው የምትወጣው አልኩ። ጋራዥ ያሉ ልጆች አጥበው፣ ሪባን አስረው፣ ጎማውን ሳይቀር ጥቁር ቀለም ቀብተው አመጡት።

ከቀትር በኋላ ከእናቴ በር ወጣሁ። ሚዜዎቹ ቬሎዬን ደግፈው በኋላው በር አሳፈሩኝ። ሰው ተሳፈረ። እትዬ ኣበበች ከዘራዋን ይዛ ከፊት ተቀመጠች። ሞተሩ ተነሳ። አውቶቡሱ ግን አልተንቀሳቀሰም።

"ኣቦይ ወልደኣብ፣ ኣቫንቲ፣ ወደ ፊት" አሉ ሚዜዎቹ።

"ማኪናው ተበላሸ እንዴ?" አለ ኣቶ ዘርዓይ።

"ማኪናው ደኅና ነው" አለ ኣቦይ ወልደኣብ። "ፋቶሪኖ አልመታችም።"

እውነቱን ነው፤ መቀመጫዬ ባዶ ነው። እንደ ልማዴ ልነሳ ስል በመስተዋቱ አየኝ። "ቁጭ በይ ጓለይ፣ ልጄ። ዛሬ ተሳፋሪ ነሽ።" ከዚያ አንገቱን በመስኮት አወጣና ወደ ቤታችን ጮኸ። "ኣስካሉ፣ የሃብተሚካኤልን ሕግ ታውቂያለሽ። ከኋላ የቀረውን የምታውቂው አንቺ ነሽ። ካልመታሽ አልነሳም።"

እናቴ እንደ ልማዷ ወደ ጓዳ ልትገባ ፊቷን አዙራ ነበር። ቆመች። ነጠላዋን አስተካክላ በሰው መሐል አልፋ መጣችና የኋላውን በር ደረጃ በአንድ እግሯ ረገጠች። ተሳፋሪውን ከፊት እስከ ኋላ አየች። እኔን አየች። የጋብቻ ቀለበቷን ከጣቷ አውልቃ ብረቱን መታች፤ አንድ ጊዜ። አንድ ጊዜ ማለት ቁም ነው። እሷ ዐይኗን ጨፍና ትንሽ ቆየች።

ሁለተኛውን መታች። ወረደች፤ አውቶቡሱ ተነሳ።

በኋላው መስኮት ዞሬ አየኋት። በዳሷ ፊት፣ በገዛ በሯ ላይ ቆማ እልል አለች። አራት ዓመት የተዘጋ ጉሮሮ ነው፤ መጀመሪያ ሻከረ፣ ቀጥሎ ጠራ። ጎረቤቶቿ ሁሉ ዝም ብለው ለብቻዋ ተዉላት። ጨርሳ ትንፋሿን ሰበሰበችና እንደገና ጀመረች፤ ከመጀመሪያው ረዘመ። የመጀመሪያው የእኔ ነበር። ሁለተኛው የኣብርሄት ነው።